ፉአድ ኪስ ውስጥ የዋለው ስልክ

ፉአድን ሻርጃ ውስጥ ሮላ አካባቢ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ አንድ አመሉን ያውቅበታል፤ ስልክ ሲጮኽ ችሎ መቀመጥ አይሆንለትም። የራሱ ይሁን የሰው ግድ የለውም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የሚጠራ ስልኩን ዝም ሲያሰኘው ካየ፣ ጉልበቱን ነካ አድርጎ «አንሳው እንጂ» ይለዋል፤ ሰውየው አማርኛ አይሰማ፣ እሱ ለማስረዳት ትዕግሥት የለው። ቢድ ስፔሱ፣ አልጋ ብቻ የተከራዩበት ክፍል፣ ውስጥ አንዱ ልጅ ሻወር በገባበት ስልኩ አልጋው ላይ ቢጮኽ፣ ፉአድ በሩን ደብድቦ በነአረፋው ያስወጣዋል። አዲስ የመጡት ልጆች ይስቁበታል፤ «አለቃ ነካ ያደርገዋል» ይላሉ። ይሳቁ። የቆዩት ግን አይስቁም፤ የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበሩ።

ሰውየው የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ ነው። ዱባይን ከረገጠ አሥራ አንድ ዓመቱ። መጀመሪያ አል ባርሻ አንድ ቪላ ውስጥ መኪና እያጠበ አትክልት ያጠጣ ነበር፤ ከዚያ ኤጀንሲው ወደ አጅማን፣ ባሕር ዳር ወዳለ የጎልፍ ሜዳ፣ ሣር እንዲያጭድ ላከው። ጎልፍ የሚሉት እንግዲህ ሀብታም ሰው ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ መትቶ፣ ተከትሎ ሄዶ፣ እንደገና መትቶ፣ በተራ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ውስጥ እስኪከታት ድረስ ግማሽ ቀን የሚጓዝበት ጨዋታ ነው። የዱላ ቦርሳውን የሚሸከምለት፣ ኳሷ የጠፋች እንደሆነ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚፈልግለት ሰው ካዲ ይባላል። ፉአድ ሣር አጭዶ፣ አሸዋ ጠርጎ፣ ቦርሳ ተሸክሞ በስንት ጊዜው የካዲዎች አለቃ ሆነ።

አለቃነቱ ያን ያህል የሚያስኮራ አይደለም። ማን ከየትኛው እንግዳ ጋር እንደሚወጣ ይመድባል፣ ደግሞም የሎከሮቹን ትርፍ ቁልፍ ይይዛል። ካዲ ሜዳ ላይ ስልክ አይዝም። እንግዳው ዓይኑን ኳሷ ላይ ተክሎ ትንፋሹን በዋጠበት ሰዓት አንድ ኪስ ቢጮኽ ያ ካዲ ኸላስ፣ ተሰናበተ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ሲገቡ ሁሉም ስልካቸውን ሎከር ውስጥ ይቆልፋሉ፤ ለምሳ ሲወጡ ከፍተው አይተውት ይመለሳሉ።

አሕመዲንን ወደዚህ ሥራ ያስገባው ፉአድ ነው። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኑ የጭልፊት። በጎልፍ ሕግ የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ኳሷ እንደሌለች ትቆጠራለች። አሕመዲን ሦስቱን ደቂቃ ሞልቶ አያውቅም። ሮላ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፣ ፉአድ ከታችኛው አልጋ፣ አሕመዲን ከላይኛው። ለእናቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው፤ ከእሱ ሌላ ያለቻት ዘምዘም የምትባል እህቱ ብቻ ናት። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሎከሩን ከፍቶ ለእናቱ ሳይደውል እህል አይቀምስም። አንድ ቀን በቪዲዮ ሜዳውን ሲያሳያት «እና ይኼ ሁሉ ሣር ከብት ሳይበላው ያድራል?» ብላዋለች። ከብት የለም፣ ሰው ነው የሚረግጠው ሲላት «አቤት ግፍ!» ብላ አፏን ያዘች። ይህችን ወሬ ያልሰማ ካዲ የለም፤ ፊሊፒኖዎቹ ሳይቀሩ ተተርጉሞላቸው ስቀዋል።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ታኅሣሥ፣ እንግዳ የሚበዛበት ወር። በዚያ ጠዋት የተመዘገቡት ባልና ሚስት ሐበሾች ነበሩ። አቶ ፍቅሩ ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ሰፈር፣ ባንክ ውስጥ የሚሠራ የተማረ ሰው ነው። የሳምንት ፈቃድ ወስዶ ከሚስቱ ከወይዘሮ ጣይቱ ጋር ከሜዳው አጠገብ ባሕሩ ዳር ካለው ሆቴል ዐርፏል። ጎልፍ የጀመረው ወዶ አይደለም። አለቆቹ ቁም ነገሩን ሁሉ የሚጨርሱት ሜዳ ላይ ነው፣ ዱላ መጨበጥ የማያውቅ ከበር ውጭ ይቀራል ብለው አስፈራርተውት ነው። ወገቡን ያመዋል፤ ሐሳቡ ዘጠኝ ጉድጓድ ተጫውቶ ወደ መዋኛው ለመመለስ ነበር። የአገሩን ልጅ ቢያገኝ ደስ ብሎት አሕመዲን ቦርሳውን እንዲይዝለት ጠየቀ። አሕመዲንም ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ መጀመሪያው የኳስ መምቻ ቦታ ሄደ። ከካዲዎቹ ቤት እስከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

ይኼኔ የፉአድ ስልክ ጮኸ።

ዘምዘም ናት። ድምጿ ተዘግቷል። ሰላምታውን አላስረዘመችም። እናቷን ሌሊት በጣም አሟት ሆስፒታል እንዳደረሷት፣ አሕመዲን ደጋግማ ብትደውልለት እንዳላነሳ፣ ስልኩ ተቆልፎበት ይሆናል ብላ እንደገመተች ነገረችው። ከዚያ «ድምፁን ልስማ ትላለች፣ ወንድሜ። ቶሎ አገናኘን» አለችው።

ፉአድ ግድግዳውን ተደገፈ። «ገባኝ እህቴ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ዘጋው። በሆዱም ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለ። ለእሱ ሴትዮዋ ሞታለች።

እንዴት ሆኖ ትሉ ይሆናል፤ ታማለች ነው የተባለው፣ ሞታለች ማን አለ? እንግዲህ የሐበሻን ልጅ ጠይቁ። ሰው አገር ላለ ሰው ሞትን በስልክ ማን ይናገራል? «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል። «ብትመጣ ደስ ይላታል» ይባላል። ሟቹ ከተቀበረ ወር ቢያልፈው እንኳ «እየተሻለው ነው፣ ዱዓ አድርግለት» ይባላል። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው እንዳይወድቅ ግራ ቀኙን ተይዞ እንጂ በቆመበት አይነገርም። ብቻውን ያረዱት ሰው ቂሙ ዕድሜ ልኩን ነው። ይኼ ክፋት አይደለም፣ ደግነታችን ነው። ደግነታችን ግን ቃላችንን በላው። ዛሬ የእውነት የታመመ ሰው ቢኖረን በየትኛው አፍ ታሟል እንደምንል እኔ አላውቅም።

ፉአድ ደግሞ የቆየ ቁስል አለበት። በመጣ በሦስተኛው ዓመት አባትህን ትንሽ አሞታል ብለው ደወሉለት። ልጅ ነበርና አመነ። ኡድ ሜታ አንድ ክሊኒክ ገብቶ የስኳሩንም የደም ግፊቱንም የሳሉንም መድኃኒት በፌስታል ሞልቶ ተሳፈረ። ሐርቡ ከሚኒባስ ሲወርድ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርበት ጀመር። አባቱ ከተቀበሩ ሃያ ሦስት ቀናቸው ነበር። ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ አረዱት። እናቱ መድኃኒቱን ከእጁ ተቀብላ፣ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ቤቱን ስትዞር ማየቱ እስከዛሬ አልወጣለትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፉአድ «አሟታል» የሚለውን ቃል አያምንም።

ቶሎ ብሎ የአሕመዲንን ሎከር በትርፍ ቁልፉ ከፈተ። ስልኩ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። አንዱ ችኩል ዘመድ ደውሎ በቀጥታ ሊያረዳው ነው ብሎ ደነገጠ። ድምፁን አጥፍቶ ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለሸህ ዐብዱልአዚዝ ደወለ። ሸሁ ሮላ የአንድ ፎቅ ናጡር ናቸው፣ ዘበኛ ማለት ነው፤ የአካባቢው የወሎ ልጆች ደስታም ሐዘንም በእሳቸው እጅ ነው። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እዚህ ግን ሰዎቹ ከሥራ ሲወጡ ነው። አሱር ላይ፣ በከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ክፍላችን እንገናኝ ተባባሉ። ራህማ የምትባል የአሕመዲን የአክስት ልጅ አል ባርሻ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሷ ካልመጣች መርዶው መርዶ አይሆንም። ራህማ አሠሪ ማዳሟን ለምና እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ተፈቀደላት። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁሉም ነገር ተሰናዳ። ፉአድ እንዲህ ያለ ጊዜ እጁ ፈጣን ነው፣ ለሰው ነገር አይሰንፍም።

የቀረው አሕመዲንን እስከ አሱር ከስልክ አርቆ ማቆየት ነው።

ካርቷን፣ የሜዳዋን ትንሽ መኪና፣ አስነሥቶ ወደ መምቻው ሄደ። አሕመዲን ፈንጠር ብሎ ነፋሱን ሲለካ ባልና ሚስቱን ጠጋ ብሎ ነገራቸው። ጋሽ ፍቅሩ ኮፍያውን አወለቀ። ልጁን አሁኑኑ ወደ ቤት እንስደደው ወይ ቢል፣ ፉአድ፦ ልጁ ብቻውን ቤት ከገባ ይሰማል፣ እባክዎ አሥራ ስምንቱንም ይጫወቱልኝ አለው። ሰውየው ወገቡን ዳበሰ፣ ሜዳውን እስከ ባሕሩ ድረስ አየ፣ «እሺ» አለ። ሐበሻ አይደል።

ወይዘሮ ጣይቱ ግን ዝም አላለችም። «ሞተች ብላ ነገረችህ?» አለችው።

«ማን ሞተች ይላል፣ እትዬ ጣይቱ?»

«የእውነት ታማ ቢሆንስ?»

ፉአድ ይኼን የፈረንጅ አገር ጥያቄ ነው ብሎ ታዘባት። ድምፁን ልስማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ የኔንም አባት እንዲህ ነበር ያሉኝ አላት። እሷም ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ካርቷ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው አላወለቀችውም።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ጨዋታ ከተባለ። ጋሽ ፍቅሩ የመታት ኳስ ሁሉ ወይ አሸዋው ውስጥ፣ ወይ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ ወይ ባሕሩ ውስጥ ትገባለች። ሰውየው ድሮም አይችልበትም። አሕመዲን ምን በወጣው፣ የአገሩን ሰው ማስተማር ነው ብሎ ደስ ብሎታል። ጋሼ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ፣ ጋሼ አይቸኩሉ፣ ኳሷ የትም አትሄድም ይለዋል። የጠፋችውን እየሮጠ ያመጣል። ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ውሃው ዳር ያለው ዛፍ ሥር ገባች። አሕመዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ደቂቃው ሞልቶበት ተስፋ ቆርጦ ቀና ሲል፣ ጋሽ ፍቅሩ ፈልግ፣ ግድ የለም፣ ጊዜ አለን አለው። አሕመዲን ሕጉ አይፈቅድም ብሎ ሳቀ፤ ግን ፈለገ። ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኳሷን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ጋሽ ፍቅሩ አጨበጨበለት፤ እያጨበጨበ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ላብ ነው ብሎ ጠረገው።

የፉአድ ጭን ደግሞ ዕረፍት አላገኘም። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ያቆማል፣ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ቆጠረው፤ አሥራ ሁለት ላይ ተወው። በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሱ ይበልጥ እርግጠኛ እየሆነ ሄደ። ለትንሽ ሕመም ይኼን ያህል ማን ይደውላል? ወሬው ወጥቷል፣ ለቅሶው ደምቋል፣ ልጁን ሊያረዱት እየተሻሙ ነው አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ካርቷን ሲያቆም፣ ላንሳውና ልጠይቅ የሚል ሐሳብ መጣበት። ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ሞተች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እሷም ትዋሻለች፣ እኔም እዋሻለሁ፣ ምን ዋጋ አለው ብሎ ተወው።

ዘጠነኛው ጉድጓድ አልቆ የምሳ ዕረፍት ሲደርስ ዋናው ሙሽኪላ፣ ዋናው ችግር፣ መጣ። አሕመዲን ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ ሎከሩ ሊሄድ ተነሣ። ፉአድ ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ሎከሮቹን እየፈተሸ ነው፣ ስልኮቹን ሰብስቤ ቢሮ ቆልፌያቸዋለሁ አለው። ልጁ ተጠራጠረ እንዳትሉ። ፉአድ ካለ አለ ነው፤ ቪዛውን ያስጨረሰለት፣ ሲታመም ሾርባ ያጠጣው ፉአድ ነው። ብቻ ፊቱ ጠቆረ። የቀትሩ ዙሁር አልፎኝ ለእማየ ሳልደውል ቀርቼ አላውቅም፣ ትጨነቃለች አለ። ትንሽ አመነታና ወደ ጋሽ ፍቅሩ ጠጋ ብሎ፣ ለአንድ ደቂቃ ስልክዎን ቢያውሱኝ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ፍቅሩ ባትሪው ሞቷል አለ።

አሥረኛው ጉድጓድ ላይ ያ የሞተ ስልክ ጋሽ ፍቅሩ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሰውየው አላነሳውም፣ ዝም ሊያሰኘውም አልደፈረም፤ ዱላውን እንደያዘ እስኪያበቃ ቆመ። አሕመዲን አንገቱን ደፍቶ ሣሩን አየ። ተናቀ። ካዲ ስለሆንኩ፣ ስልኩን ስለምነካበት ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ጉልበትዎን አጠፍ ማለቱን ተወ፤ ዱላውን በሁለት እጁ ያቀብላል፣ ይቀበላል። ወይዘሮ ጣይቱ መነጽሯ ሥር እንባዋን እየጠረገች «በአላህ፣ አንሳውና እውነቱን ጠይቅ» አለችው ፉአድን፣ ክርስቲያን ሆና በአላህ አለችው። ፉአድም ለእሷ ሲል አንድ ነገር አደረገ። በራሱ ስልክ ለዘምዘም መልእክት ጻፈላት፤ ሥራ ላይ ነው፣ አሱር ላይ ይደውላል አላት። ይኼን ሲያዩ ትንሽ ይረጋጋሉ ብሎ ነው። ዘምዘም ወዲያው ደወለች፤ ዋላሂ አሁን ምንም ልልሽ አልችልም ብሎ የራሱንም ስልክ አጠፋው።

አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ባሕሩ አፋፍ ላይ ነው። ጋሽ ፍቅሩ እዚያ ሲደርስ ወገቡ ጎብጦ በዱላው ይደገፍ ነበር። የመጨረሻዋን ኳስ አሕመዲን ባንዲራውን ይዞለት ከሁለት ክንድ ላይ አራት ጊዜ መትቶ አስገባት። ከዚያ ዱላውን ጥሎ አሕመዲንን አቀፈው፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ልጁ ግራ ገባው። የጎልፍ እንግዳ ካዲ አያቅፍም። ወይዘሮ ጣይቱም ግንባሩን ሳመችው። ሁለቱ ወደ ሆቴላቸው ሲሄዱ አሕመዲን ወደ ፉአድ ዞሮ «ምን ሆነው ነው?» አለው። ፉአድ አገራቸው ትዝ ብሏቸው ይሆናል አለው።

ከአጅማን ወደ ሻርጃ በሚመልሳቸው የሠራተኛ አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሕመዲን ስልኩን ጠየቀ፤ ፉአድ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ቤት እንግባና ትደውላለህ አለው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ስልኩ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭናቸው ተነካክቶ ነበርና አሕመዲንም ተሰማው።

«ስልክህ እየጠራ ነው» አለው።

«ተወው።»

«አንሳው እንጂ። ቁም ነገር ቢሆንስ?»

ፉአድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስልኩ እስኪበቃው ተንቀጥቅጦ አቆመ።

ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት አልጋ፣ ስድስት መጋረጃ። አሕመዲን በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ራህማን ነው። ራህማ የምትወጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ያውም እሑድ ነው። ቅዳሜ በሥራ ቀን ፉአድ አልጋ ላይ ተቀምጣ ሲያያት ገባው። ሸህ ዐብዱልአዚዝ ቃሉን ሳይጨርሱት ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ፉአድ ከግራ፣ አንዱ የክፍላቸው ልጅ ከቀኝ ያዙት። አወዳደቁን ሁሉ አስቀድመው አስበውበት ነበርና ጭንቅላቱ የትም አልተመታም። ራህማ ደረቷን መታች። ልጁ «እማየ ሳልደውልልሽ! ዛሬ ሳልደውልልሽ!» እያለ አለቀሰ። የሰው አገር ፎቅ ነውና ጎረቤት እንዳይሰማ አፉን በትራስ ያዝ አደረጉለት። ፉአድ አብሮ አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር በሆዱ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር፤ ነገሩ በወጉ ሆኗል፣ ልጁ ብቻውን አልሰማም፣ ፌስታል አንጠልጥሎ አልሰማም።

ግማሽ ሰዓት ካለቀሱ በኋላ አሕመዲን የፉአድን እጅ ይዞ ሳመው። «አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ቀኑን ሙሉ አንተ ተሸክመህልኝ ዋልክ» አለው። ከዚያ ዘምዘምን ላናግራት፣ ስልኬን ስጠኝ አለ። ፉአድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ያልተነሣ ጥሪ ሠላሳ አንድ። ከሥሩ አንድ የድምፅ መልእክት። አሕመዲን የእህቱ ለቅሶ መስሎት ነካው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰማ። የእናቱ ድምፅ ነበር፤ ደክሟል፣ ግን የእሷ ነው።

«አሕመዲን… ሥራ ላይ ነህ አሉኝ። አሱር ላይ ይደውላል አሉኝ። ይሁን፣ እኔ የት እሄዳለሁ። አትቸኩል፣ ሥራህን ጨርስና ደውልልኝ። እጠብቅሃለሁ።»

ራህማ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ሰዓቱን አየች። መልእክቱ የተላከው ዛሬ ነው፣ ከዙሁር በኋላ። «አልሞተችም!» አለች። ሸህ ዐብዱልአዚዝ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ራህማ ራሷ ወደ ዘምዘም ደወለች፣ ድምፁንም ለሁሉም ከፈተችው። ስልኩ ሲጠራ አሕመዲን እየሳቀ ነበር። እንባው አልደረቀም፣ አፉ ግን ይስቃል፤ አቤት እማየ በሕይወትሽ አለቀስኩልሽ ሊላት ተሰናድቷል። ፉአድ ብቻ ነው ያልተነሣው።

ዘምዘም አነሳችው። ከኋላዋ የሴቶች ጩኸት ይሰማል።

«አሁን ትደውላለህ? አሁን? ዓይኗን ከከደንኩላት ሩብ ሰዓት አልሞላም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትጠብቅህ ነው የዋለች። አሱር ደረሰ ወይ፣ አሱር ደረሰ ወይ ስትለኝ… ለፉአድ ከጠዋት ጀምሮ ነግሬው! ገባኝ፣ እኔ አለሁ አላለኝም?»

መስመሩ ተቋረጠ። አሕመዲን ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠው፤ በቀስታ ነው ያስቀመጠው። ወደ ፉአድ ዞረ። ፉአድ የሚለው ነገር ሞልቶት ነበር፤ ስለ አባቱ፣ ስለ ፌስታሉ፣ አገር ቤት ታሟል ማለት ምን ማለት እንደሆነ።

«አጠገብህ ነበርኩኮ» አለው አሕመዲን። «ጠዋት ስትደውልልህ ሁለት መቶ እርምጃ ነበርኩ።»

ይኼኔ ስልኩ አልጋው ላይ እንደገና ጮኸ። ዘመድ ነው፣ ለማጽናናት። አሕመዲን አላየውም፣ ራህማም እጇን አልዘረጋችም፣ ሸሁም መሬት መሬቱን ያያሉ። ጮኸ፣ ጮኸ። ፉአድ ተነሥቶ አነሳው።